ዋናው አክተር ከሄደ ክፍል ሁለት ይሠራል ወይ? የድሬና የሐረር ልጆች ክርክር

ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የድሬዳዋና የሐረር ፊልም ወዳጆች በምንጽፍበት መድረክ ላይ አንድ ሐሳብ አስቀመጥኩ። ዋናው አክተር ሞቶም ይሁን ተጣልቶ ከሄደ በኋላ የሚሠራ ክፍል ሁለት ሊሳካ ይችላል። የሚሳካው ግን ፊልሙ ራሱ ሰውየው እንደሌለ በግልጽ ሲነግረን ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ የሄደውን ሰው ልብስ ለሌላ አልብሶ የሚያቀርብልን ፊልም አይበረክትም አልኩ።

ማስረጃዬ «ብላክ ፓንተር» ነው። ንጉሡን የተጫወተው ቻድዊክ ቦስማን በኦገስት 2020 በአንጀት ካንሰር ሲሞት 43 ዓመቱ ነበር። ሕመሙን አራት ዓመት ያህል ከሕዝብ ደብቆ ሠርቷል። የ2018ቱ ክፍል አንድ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ስለነበር ክፍል ሁለት መምጣቱ አይቀርም ነበር። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ሌላ ሰው አልተካም። በ2022 የወጣው ፊልም የሚጀምረው በንጉሡ ሞትና ቀብር ነው። ታሪኩ በሙሉ የእህቱ የሹሪ ሐዘን ነው። እንዲህ ሆኖም ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

መልሱ ብዙ ስለሆነ ለማንበብ ጊዜ ላጡ ሰዎች በየቁጥሩ ልተርከው። የጸሐፊዎቹን ስም ትቻለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 የመጣው ከአንድ የድሬ ሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። ሰላምታውን በደንብ አድርሶ፣ ሐሳቤን ደግፎ፣ የራሱን ምሳሌ ጨመረ። የመኪና ሰው ስለሆነ ምሳሌውም የመኪና ፊልም ነው። ፖል ዎከር በኖቬምበር 2013 በመኪና አደጋ ሲሞት የ«ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ሰባተኛ ክፍል ቀረጻ ገና አላለቀም ነበር። ሥራው ቆመ፣ ታሪኩም እንደገና ተጻፈ። በቀሩት ትዕይንቶች ወንድሞቹ ኬሌብና ኮዲ በቁመናው ተተክተው ተቀረጹ፣ ፊቱ ደግሞ በኮምፒውተር ተሠራ። ፊልሙ በ2015 ወጥቶ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ልጁ ግን ገንዘቡ ላይ ብዙም አልቆየም። መጨረሻ ላይ የዎከርና የተዋናይ ጓደኛው የቪን ዲዝል መኪኖች ጎን ለጎን ሲነዱ ቆይተው መንገዱ ሲለያያቸው፣ አብረውት ያዩት የሰፈር ልጆች አንዳቸውም ቃል እንዳልተነፈሱ ያስታውሳል።

መልስ 2 አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ያን መጨረሻ ባየ ቁጥር እንደሚያለቅስ።

መልስ 3ን የጻፈችው የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የምታደርግ የከዚራ ልጅ ናት። በትሕትና ጀምራ ሐሳቤን ከሥሩ ነካችው። የሰባተኛው ክፍል ታሪክ ውስጥ ዎከር የተጫወተው ብራያን አልሞተም። ከቤተሰቡ ጋር ለመኖር ሥራውን ተወ እንጂ በሕይወት አለ። ወንድሞቹን አቁሞ ፊቱን በኮምፒውተር የለጠፈ ፊልም መሄዱን አመነ ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም በደንብ ደብቆታል ባይ ናት። እኔም መለስኩላት። ያ የመጨረሻ ትዕይንት በታሪኩ ውስጥ ስላለው ብራያን አይደለም። ቪን ዲዝል የሚሰናበተው ጓደኛውን ፖልን ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ፊልሙም እንደምናውቅ ያውቃል። እሷ ግን አልረካችም። ወደ በኋላ ተመልሳ መጥታለች።

ከዚያ መልስ 4። የባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ መድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። የጻፉት ረጅምና ጨዋ ነው። ድሮ ሲኒማ ቤት ገብተው ሾን ኮነሪን በጄምስ ቦንድነት ያዩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ቦንድ በ1962 ወጣ። በ1973 ደግሞ ሮጀር ሙር ተረከበና ሰባት ፊልም ሠራ። ዳልተን፣ ብሮስናን፣ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ዳንኤል ክሬግ መጡ። ማንም ለማንም ቀብር አላደረገም፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም። ጋሼ እንደሚሉት ባቡር ድሬ ላይ ሾፌር ቢቀይር ተሳፋሪው አይወርድም፤ ትኬቱን የቆረጠው ለጅቡቲ እንጂ ለሾፌሩ አይደለም። ቦንድም እንዲሁ ነው። ሰዉ የሚገባው ለመኪናው፣ ለመሣሪያው፣ ለአገር ማዞሩና ለሙዚቃው ነው።

ጥሩ መልስ ነው። እኔም ስለ ቦንድ የሚሉት እውነት ይመስለኛል። ቦንድ ለብዙ ዘመን ከፊልም ወደ ፊልም የሚሸከመው ታሪክ አልነበረውም፤ በየጊዜው አዲስ ተልእኮ ይዞ ይመጣል። ቻድዊክ የተጫወተው ንጉሥ ግን እናት አለው፣ እህት አለው፣ ዙፋን አለው። ከእንዲህ ያለ ሰው ፊቱን ብቻ ነጥሎ መቀየር ከባድ ነው።

መልስ 5 ላይ ድምፁ ተለወጠ። አንድ ወጣት ጋሼን ምንም ሳያከብር፣ ባቡርና ፊልም ምን አገናኛቸው ብሎ ገባ። ከኮነሪ በኋላ ወዲያው የመጣው ሮጀር ሙር ሳይሆን ጆርጅ ላዘንቢ መሆኑን፣ እሱም በ1969 አንድ ፊልም ብቻ ሠርቶ መሄዱን፣ በ1971 ኮነሪን ለምነው እንደመለሱት አስታወሰ። ተመልካቹ ሾፌሩ ግድ የማይሰጠው ከሆነ ኮነሪን ለምን መልሰው ጠሩት? ጥያቄው ተገቢ ነው። አጠያየቁ ግን ለአባት የሚሆን አልነበረም፤ እሱንም እዚያው ነግሬዋለሁ።

6 እና 7 ስለ ፊልም አይደሉም። ባቡር ሲነሳ ድሬ ውስጥ ወሬው ሁልጊዜ ወደዚያው ያመራል። አንዱ ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1902 እንደሆነና ከተማችን የተወለደችው በዚያ መሆኑን ጻፈ። ሌላው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማ ወጥቶ በመሠራቱ ተማረረ። የከዚራው አሮጌ ጣቢያ በእግር የሚደረስ ነበር፣ አሁን ሻንጣ ይዞ ባጃጅ መለመን ነው ይላል። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ቢሆንም ወደ ፊልሙ እንመለስ ብዬ ጻፍኩ።

ጋሼ በ8 ተመለሱ። አልተቆጡም። ላዘንቢን ማንም አላባረረውም፣ መቀጠል ያልፈለገው ራሱ ነው አሉ። ፊልሙም ዛሬ ከቦንድ ፊልሞች ሁሉ ከምርጦቹ ተርታ የሚያስቀምጡት ብዙ ናቸው። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ነገር አነሱ። በዚያ ፊልም መግቢያ ላይ ላዘንቢ ከጠላቶቹ ጋር ተደባድቦ ያዳናት ሴት ጥላው ስትሄድ፣ ያኛው ሰውዬ እንዲህ ገጥሞት አያውቅም የሚል ቀልድ ጣል ያደርጋል። ያኛው የተባለው ኮነሪ ነው። ጋሼ ይህን ያመጡት ለእኔ ሐሳብ ድጋፍ እንዲሆን ነው። አዲስ ሰው መምጣቱን ፊልሙ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተናገረ፤ አዳራሹም ስቆ ተቀበለ። የተከራከራቸውን ሰው ሐሳብ በዚህ ዓይነት ልብ የሚያጎለብት ሰው መድረካችን ላይ መኖሩ ያስደስተኛል።

መልስ 9 ላይ ኤዲተሯ መጣች። በ2021 የወጣው የ«ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ዘጠነኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ ማዕድ ሲቀርብ የብራያን ሰማያዊ መኪና ደጃፍ ላይ ይደርሳል። ሹፌሩ አይታይም። እሷን የሚያንገበግባት ይህ ነው። ሰባተኛው ክፍል ላይ ከተሰናበትነው በኋላ፣ ሰውየው ሞቶ ስምንት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ እራት ላይ እንደሚገኝ አድርጎ ማሳየት ስንብቱን ማፍረስ ነው። በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። ሰባተኛው ክፍል ተመልካቹን አብሮት እንዲያዝን ጋበዘው። ዘጠነኛው የዚያኑ ሐዘን ገመድ መልሶ መላልሶ ይጎትተዋል።

ከሁሉም መልስ ደጋግሜ ያነበብኩት 10ኛውን ነው። ጸሐፊው ልጅነቱን መጋላ አካባቢ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያሳለፈ፣ አሁን ድሬ ውስጥ ታይዋን በሚባለው ገበያ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ብሩስ ሊ በ1972 አንድ ፊልም መቅረጽ ጀምሮ ለሌላ ሥራ አቋረጠው። በጁላይ 1973 በ32 ዓመቱ ሞተ። አምስት ዓመት ቆይቶ የተጀመረው ፊልም ተጨርሶ «ጌም ኦፍ ዴዝ» ተብሎ ወጣ። ብሩስ ሊ ራሱ የሚታይበት ድብድብ ጥቂት ደቂቃ ነው። በቀረው ሁሉ የሚመስሉት ሰዎች ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጨለማ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። አንድ ቦታ ላይ የፊቱ ምስል መስታወት ላይ ተለጥፎ እሱ የቆመ ለማስመሰል ተሞክሯል። ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። በታሪኩ ውስጥ ጀግናው የሞተ መስሎ ይሰወራል፤ ለዚያ ትዕይንት የብሩስ ሊን የእውነት ቀብር ምስል ተጠቀሙበት።

ሱቅ ያለው ሰውዬ ልጅ ሳለ ይህን አያውቅም ነበር። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ላይ የተለጠፈው ፖስተር ቢጫ ልብስ የለበሰው ብሩስ ሊ ነው፤ ውስጥ ገብቶ ሲያይ ግን የሚደባደበው ሌላ ሰው ነው። ከፊት የተቀመጡት ትልልቅ ልጆች አክተሩ ይሄ አይደለም ብለው ያፏጫሉ። ብራችንን መልስ ይላሉ፣ ባለቤቱ አይመልስም። በሌላ ሳምንት ደግሞ ስማቸውን በአንድ ፊደል ለውጠው እሱን ነን የሚሉ አስመሳዮች ፊልም ይመጣል። እንዲህ ዓይነት ፊልም ከሆንግ ኮንግና ከታይዋን ለዓመታት ሲጎርፍ ነበር። የመጋላ ሕፃናት ግን አልተሸወዱም። የብሩስ ሊን እግር አነሳስ ያውቁ ነበርና፣ ከድብድቡ መጀመሪያ ላይ ነው የሚለዩት።

ለዚህ መልስ ምስጋና የጻፉ ብዙ ናቸው። የቪዲዮ ቤት ትዝታም ተከተለ። የማን ቤት ቴሌቪዥን ትልቅ ነበር፣ የማን ቤት ማራገቢያ ይሠራ ነበር። እሱን እዘለዋለሁ።

መልስ 11 ከሐረር ነው፤ ጀጎል ውስጥ ያደገች እህታችን። ስለ ሆሊውድ ብቻ ማውራታችን አናዷታል። ሐረር የህንድ ፊልም አገር ነው፤ ከሰዓት በርጫ ላይ ሳይቀር የሚታየው እሱ ነበር ባይ ናት። «ዶን»ን ጠቀሰች። በ1978 አሚታብ ባችቻን ተጫወተው፣ በ2006 ሻሩክ ካን ተረከበ፣ ሁለቱም ተወደዱ። ስለዚህ አክተር መቀየር ችግር አይደለም አለች።

መልስ 12 አረማት። የ2006ቱ ተከታይ ሳይሆን የድሮው እንደ አዲስ የተሠራ ነው። ተከታዩ በ2011 የወጣው ነው፣ እሱም ላይ ያው ሻሩክ ካን አለ። የሐረሯ እህት በ13 እሺ ብላ እርማቱን ወስዳ ሌላ ምሳሌ አመጣች። ይሄኛው ጠንካራ ነው። የመናፍስት ፊልሙ «ቡል ቡላያ» በ2007 ሲወጣ ዋናው ሰው አክሻይ ኩማር ነበር። በ2022 ክፍል ሁለት ሲመጣ አክሻይ የለም፣ ካርቲክ አርያን ነው። በዚያ ዓመት ብዙ ትልልቅ የህንድ ፊልሞች ሲወድቁ ይሄኛው ሰዉን ሲኒማ ቤት አጎረፈው። አንድ ነገርም በደንብ አየች። ካርቲክ የአክሻይን ሰው አልተጫወተም፤ ሌላ ሰው፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ ታሪክ ነው። ከክፍል አንድ የቀጠለው የመንፈሱ ስምና ዘፈኑ ብቻ ነው። ሰዉ ከአክሻይ ጋር እንዲያወዳድረው ዕድል አልሰጠም።

መልስ 14 ለእኔ ከባዱ ነው። የአሸዋ ሰፈር ልጅ «ስፒድ»ን አመጣ። የ1994ቱን የማያውቅ የለም። አውቶቡሱ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በታች ከወረደ ይፈነዳል። ዋናው አክተር ኪያኑ ሪቭስ የክፍል ሁለትን ስክሪፕት አንብቦ አልሠራም አለ። አብራው የሠራችው ሳንድራ ቡሎክ ግን ቀጠለች፣ ጄሰን ፓትሪክ ተተካ፣ በ1997 ወጣ፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት ፊልም መሳለቂያ ሆነ። እስከዚህ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ የጨመረው ግን ፊልሙ የኪያኑን አለመኖር አልደበቀም የሚል ነው። ልጅቷ ከእሱ ጋር እንደተለያየች በግልጽ ይነገራል። እንደ እኔ አባባል ከሆነ መሳካት ነበረበት። ለምን ወደቀ? የራሱ መልስ የኪያኑ መቅረት ሳይሆን የመርከቡ ነገር ነው። ፊልሙ ስሙ ፍጥነት ነው፤ የመረጡት ግን ቀስ እያለ የሚሄድ የመዝናኛ መርከብ ነው። ኪያኑ ቢኖርም ያው ነበር ይላል።

ስለ መርከቡ ልክ ነው። ስለ ማመኑ ግን ልዩነት አለ። ተለያይተናል ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ የሰውየውን ወንበር ከክፍሉ ማስወጣት ነው። «ብላክ ፓንተር» ወንበሩን እዚያው ትቶ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ ሰዎቹ በዙሪያው ሲሄዱ ያሳየናል። ሹሪ ወንድሟን ማዳን ስላልቻለች ከእምነት ጋር ተጣላች፣ በቁጣ ተነሳች፣ ጦርነት ውስጥ ገባች። ታሪኩ የተነሳው ከጉድለቱ ነው። እኔ ማመን የምለው ይህን ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። መልስ 15 ቻድዊክን መተካት ነበረባቸው አለ። ተዋናዩ ቢሞትም ንጉሡ መሞት አልነበረበትም። ጥቁር ሕፃናት ያገኙትን ንጉሥ በአንድ ፊልም ቀበሩባቸው ይላል። ሐሳቡ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ያኔ አሜሪካ ውስጥም ገጸ ባሕሪው ከተዋናዩ ጋር አይቀበር ብለው ፊርማ ያሰባሰቡ ነበሩ። መልስ 16 ግን አላስጨረሰውም። ሰው ሞቶ ገና እንባው ሳይደርቅ ልብሱን ለሌላ ማልበስ ነውር ነው፣ አንተ ወንድምህ ቢሞት ሌላ ወንድም ታመጣለህ ወይ ብሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የጻፈውን እዚህ አልደግመውም። 15ኛውም ተመልሶ ተሳደበ። ሁለቱንም አስቁሜያለሁ። ስለ ሞተ ሰው ክብር እየተከራከሩ በሕይወት ያለን ሰው ማዋረድ ያሳዝናል።

ያረጋጉን በ17 የጻፉ የሐረር እናት ናቸው። ልጆቻቸው ሲያዩ አብረው ተቀምጠው አዩት እንጂ ክፍል አንድን አላዩም። እንግሊዝኛውንም ብዙ አልተከታተሉም። ቀብሩ ላይ ግን ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲያዩ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። እኛም ለሐዘን ነጠላ ስንለብስ ጥለቱ ቦታውን ይቀይራል፣ ማንም ሳይነግርህ ያ ቤት ምን እንደገጠመው ታውቃለህ አሉ። መጨረሻ ላይ ልጅቷ የሐዘን ልብሷን እሳት ላይ ስታደርግ ሐዘን ማውጣቷ እንደሆነ ለልጆቻቸው ያስረዱት እሳቸው ናቸው። የልብሶቹ ዲዛይነር ሩት ካርተር ለዚህ ፊልም ሁለተኛ ኦስካሯን ማግኘቷን ጽፌላቸዋለሁ። ደስ አላቸው።

መልስ 18 ከአዲስ አበባ የተመለሰ የድሬ ልጅ ነው። አማርኛ ፊልሞች ላይ ፕሮዳክሽን ሠርቷል። የእኛ አገር ችግር ከሞትም ከክብርም በፊት ውል ነው ይላል። እሱ በሠራባቸው ፊልሞች ተዋናይ የሚፈርመው ለአንድ ፊልም ብቻ ነበር። ፊልሙ ሲወደድ ክፍል ሁለት ይታሰባል፤ ያኔ ዋናዋ ተዋናይት ዋጋዋ ጨምሯል፣ ወይ ሌላ ቀረጻ ይዛለች፣ ወይ አሜሪካ ገብታለች። በዚያኛው ዓለም ሳሙኤል ኤል ጃክሰን በ2009 «ብላክ ፓንተር»ን ከሠራው ከማርቭል ጋር ለዘጠኝ ፊልም ተፈራርሟል። የቴሌቪዥን ድራማዎቻችንም ያው ናቸው። ተዋናይዋ ስትጠፋ ገጸ ባሕሪዋ በስልክ ብቻ የምትወራ ዘመድ ትሆናለች። ውጭ ሄደች ይባላል፣ እናቷ ታማ እንኳን አትመጣም። እኔ በዚህ ልጅ አስተያየት ላይ ብዙ ብንቆይ እወድ ነበር፤ ስለ ራሳችን ሥራ የተነሳው ብቸኛው መልስ ነውና። ጸሐፊዎቻችን አንድ ክፍል ሙሉ ስለዚያች የማትመጣ ልጅ ቢጽፉ፣ እናትየው በር በር እያየች የምትኖርበትን ታሪክ ቢሠሩ፣ ስንት ቤት የሚያውቀው ነገር ነበር።

መልስ 19 የቱርኩን የሱለይማን ድራማ አመጣች። ድሬና ሐረር በዓረብኛ «ሐሪም አል ሱልጣን» እየተባለ ነው የታየው። የሱልጣኑን ሚስት ሁሬምን የተጫወተችው መርየም ኡዘርሊ በ2013 ሥራውን ጥላ ስትሄድ ቫሂዴ ፐርቺን ተተካች። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ተናዳ ማየት አቁማ ነበር። ጎረቤቷ ጎትታ መለሰቻት። ዘመን አልፏል፣ ሴትዮዋ በስላለች፤ ፊቷ መለወጡ ከዕድሜዋ ጋር ገጠመ።

መልስ 20 ሁሉም ነገር በቅርቡ ያበቃል አለ። ኮምፒውተር ስላለ ማንም ተዋናይ አይሞትም ባይ ነው። ምሳሌው ፒተር ኩሺንግ ነው። በ1994 ሞቶ በ2016 በአንድ የ«ስታር ዎርስ» ፊልም ውስጥ ፊቱ በሌላ ተዋናይ ላይ ተሠርቶ ሲናገር ታይቷል። ጋሼ በ21 እንደዚህ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። የሞተን ሰው ያለ ፈቃዱ አስነስቶ ማናገር ኃጢአት ነው አሉና የብሩስ ሊን ቀብር አስታወሱ። ስለ ፈቃዱ ያነሱት ትልቅ ነገር ነው። በ2023 የአሜሪካ ተዋንያን ለ118 ቀን ሥራ ያቆሙት በከፊል ለዚህ ነው፤ ፊታችንና ድምፃችን ያለ ፈቃዳችን በኮምፒውተር አይሠራ ብለው። የ«ስታር ዎርስ» ተዋናይት ኬሪ ፊሸር በዲሴምበር 2016 ስትሞት የ2019ኙ «ስታር ዎርስ» ሠሪዎች ሌላ መንገድ መርጠዋል። በ2015ቱ ፊልም ተቀርጾ የተረፈ ምስሏን አውጥተው ታሪኩን በዙሪያው ጻፉ። ቢያንስ ቃሉን የተናገረችው እሷ ናት። ውጤቱ ግን ይታወቃል። ሌሎቹ እሷ ከዓመታት በፊት ለተናገረችው መልስ ሲሰጡ ንግግሩ አይገጥምም።

የሳቢያኑ ልጅ በ22 ተመልሶ መጣ። ሁላችንም አንድ ነገር ዘለልን አለ። የሚወደው የመኪና ፊልም አክተሮቹን ያጣው በ2013 ብቻ አይደለም። የ2003ቱ ክፍል ሁለት ያለ ቪን ዲዝል ነው የተሠራው። በ2006 የወጣው «ቶኪዮ ድሪፍት» ላይ ደግሞ ዎከር የለም፤ ዲዝልም ብቅ የሚለው መጨረሻ ላይ ለአፍታ ነው። ከተከታታዩ ሁሉ ትንሹን ገንዘብ ያስገባው እሱ ነው፣ 160 ሚሊዮን ዶላር እንኳን አልሞላም። ነገር ግን ዳይሬክተር ጀስቲን ሊን የመጣው በዚያ ፊልም ነው፤ ከዚያ በኋላ አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውንና ዘጠነኛውን ሠራ። ሰዉ የወደደው ሃን የሚባለው ሰውም የመጣው በዚያው ነው። ዋናዎቹ ባይጠፉ ለእሱ ቦታ አይኖርም ነበር። ይህን መልስ ወድጄዋለሁ። እስካሁን ያወራነው የሄደውን ሰው እንዴት እናክብር ስለሚለው ብቻ ነበር፤ እሱ በተተወው ቦታ ማን ሊገባ እንደሚችል አሰበ።

መልስ 23 የዚሁ ልጅ ታናሽ እህት ነች። ክርክሩ ውስጥ አልገባችም። ጓደኞቿ ፊልሞቹን ገና ሊያዩ ስለሆነ በየትኛው ቅደም ተከተል ይዩ ብላ ጠየቀች። በወጡበት ዓመት ቢያዩ ሃን በሦስተኛው ይሞትና በአራተኛው በሕይወት ይመጣል፤ ግራ ይጋባሉ። ስለዚህ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ይዩ። ከዚያ ሦስተኛውን፤ ታሪኩ የሚገባው እዚያ ነው። ቀጥሎ ሰባተኛው ነው። እሱን በፍላሽ ሲጭኑ እስከ መጨረሻው ያለ ኮፒ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ ኮፒ መጨረሻው ላይ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል።